በበር የማይወጣ አልጋ

ሰኞ

ከዛሬ ጀምሬ ልጽፍ ነው። ምክንያቱ ልጄ ናት። ትናንት "አባዬ፣ ቤት ይምጣ ብለሃል" አለችኝ። አላልኩም። "ብለሃል፤ ሾርባህን እየጠጣህ ነው ያልከው" አለች። ሾርባ መጠጣቴን አልካድኩም። ያ ሰው ቤቴ ይምጣ ማለቴን ግን አላስታውስም። ስለዚህ እኔ ያልኩትንም እሷ ያለችውንም እዚህ አሰፍራለሁ። ፊደል የለየሁት ከሸበትኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እጄ መላጊያ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ቢሆንም የራሴን ቃል ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አናጢ ነኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ጋር ሁለት ሆነን ነው የምንኖረው። ልጄ ፎቶ ቤት ትሰራለች። አንድ ሰው ላግባሽ ብሏታል። ሰውዬው ከድልድዩ ማዶ ካለው ከተማ ነው፤ ከተጋቡ ኑሮዋ እዚያ ነው። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችውም። የእኔን ቃል የምትጠብቅ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ማዶዎችን አልወድም።

"ለምን አትወዳቸውም?" አለችኝ።

"በር የሚሰሩት በሚስማር ነው።"

"ሌላስ?"

ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ረቡዕ

እራት ላይ ስለ ስራዋ አወራችኝ። ዛሬ ሙሽሮች መጥተው ነበር። "ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው እጃቸውን ነው የማየው" አለች። "አንዳንዱ ወንድ የራሱን ክራባት ያስተካክላል። አንዳንዱ የእሷን ጸጉር። ሴቶቹም እንደዚያው ናቸው። ፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከመሳቃቸው በፊት ያለውን አይቼዋለሁ።"

ይህን ሁሉ የምታይ አይመስለኝም ነበር። ፎቶ ማንሳት ቁልፍ መጫን ነው ብዬ ነው የማስበው።

"አንተና እማዬስ ምን ታስተካክሉ ነበር?" አለችኝ።

"ፎቶ አልተነሳንም። ስራ ነበረብኝ።"

ሳቀችና ሳህኑን አነሳች። ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ ትዝ አለኝ። እናቷ ከቤት ስወጣ ትከሻዬ ላይ ያለውን የእንጨት ብናኝ በመዳፏ ታራግፍልኝ ነበር። ልንገራት ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ጥድፊያ ላይ ነኝ። የጠረጴዛ እግር የሚጠብቅ ሰው አለ። ዝናቡ ጀመረ፤ ኮላ አይደርቅም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከበረንዳው ሆኖ "ልጅህ ማዶ ልትሻገር ነው አሉ" አለኝ። ማን አለ? አልኩት። "እንዲሁ የሚወራ ነው" አለ። እንዲሁ የሚወራ ነገር የለም። ሰፊው ነው የሚያወራው።

እሁድ

ሰውዬው መጣ። ይምጣ አላልኩም፤ መጣ።

ዕቃ ጫኝ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን በአሮጌ የጭነት መኪናው ጭኖ ከቤት ወደ ቤት ያደርሳል። መዳፉ ሻካራ ነው፤ ይህን አልጠላሁትም። ሲገባ የበራችንን መቃን በጣቱ ዳሰሰው። ይህንንም አልጠላሁትም።

"አባባ፣ የእናንተን ከተማ አልጋዎች በደንብ አውቃቸዋለሁ" አለኝ።

ደስ አለኝ። "በምን አወቅሃቸው?"

"ስንቱን በመጋዝ ቆርጫለሁ።"

ሻዩ ትን አለኝ። ልጄ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ፤ ግን ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

"ምን ላድርግ ብለው ነው?" አለ። "በበር አይወጡም፣ አይፈቱም። ባለቤቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። አንዲት እናት ድምፁን አልሰማም ብለው ጆሮአቸውን ይዘው ጎረቤት ገቡ።"

እኔም አስረዳሁት። በኛ ከተማ አልጋ የሚሰራው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ጣውላው ለየብቻ ይገባል፤ እዚያው እንጨት በእንጨት ይሰካል፤ ስኪያው ላይ ሽብልቅ የሚባል ሹል እንጨት ይመታበታል፤ አለቀ። ሚስማር የለ፣ ብሎን የለ። የልጅ ልጅ ይተኛበታል፤ ሲጥ አይልም።

"ስራው እንኳ ስራ ነው" አለ ጫኙ። "ሰው ግን ይሄዳል፣ አባባ።"

በትህትና ነው ያለው። ያናደደኝም ትህትናው ነው።

ማክሰኞ

ለልጄ አልጋ ልሰራላት ነው። ለእናቷ ቁም ሳጥን ብዬ ያቆየሁት ጣውላ አለ፤ ደርቆ ደርቆ ሲነካ እንደ ደወል ይጮሃል። ያ ጫኝ መጋዙን ይዞ ዙሪያውን ሲዞር ማየት ነው።

ጣውላውን ወደ ክፍሏ ሳስገባ ከስራ ደረሰች።

"አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"አልጋሽ።"

"አልጋ አለኝ እኮ።"

"እሱ የልጅ አልጋ ነው። አንቺ ልታገቢ ነው ይላሉ።"

"ማን ይላል?"

"ሰፊው።"

"እሱ ካለማ አለቀ" ብላ ፍራሿን ወደ ሳሎን ጎተተች።

አርብ

እግሮቹን ላግኳቸው። ወገቤ። ሌላ የለም።

ቅዳሜ

እሷ እረፍት ነበረች። በሩ ላይ ተቀምጣ ስሰራ ታየኛለች። ልጅ ሳለች እንዲህ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄዎቿ ተለውጠዋል።

"አባዬ፣ የከተማችን ሰው የሚኮራው በምንድን ነው?"

"በእንጨቱ።"

"እኔ እንጨት አልሰራም። በምን ልኩራ?"

መሮውን አስቀመጥኩ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። "በአባትሽ" ልላት ነበር፤ አሳፈረኝ።

እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። "የሚገርምህ" አለች፣ "ባለፈው ማዶ እናቱ ቤት ሄጄ ቀለዱብን። የናንተ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠል አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጭሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል አሉኝ። እኔ ተናደድኩና ሳላስበው ስለ ሽብልቅ ማስረዳት ጀመርኩ። ልክ እንዳንተ፣ በእጄ ሳይቀር እያሳየሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ሰፊው ስለ ማዶዎች ሲያወራ ለነሱ እከራከራለሁ። የት ሆኜ ነው አፌን ዘግቼ የምቀመጠው?"

"እዚህ" አልኳት።

"እዚህማ አንተ አለህ፤ እንዴት ዝም እላለሁ" አለች።

ከዚያ የእንጨት ልጣጩን በጣቷ እየጠቀለለች፣ "አባዬ፣ ይሄ በየት ይወጣል?" አለች።

"ምኑ?"

"አልጋው።"

"አልጋ ለምን ይወጣል?"

ስትመልስ አልሰማሁም። መላጊያው ይጮሃል።

ሰኞ

ራስጌውን ገጠምኩ። እንጨቱ እጄን ያውቀዋል። ስራ እንዲህ ሲሆንልኝ የሚያየኝ ሰው በኖረ እላለሁ።

ረቡዕ

እትዬ መጡ። የሚስቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኔን ሲያዩ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሰበርኩ ይመስል ዙሪያዬን ይፈትሻሉ። አልጋውን ዞሩት። እግሩን ያዙት፣ ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም።

"ጥሩ ነው?" አልኳቸው።

"ይሄ አልጋ ነው ወይስ አጥር?" አሉኝ።

"አልጋ ነው እንጂ፣ እትዬ።"

"አንተ ካልክ" አሉ። ከዚያ ልጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ብዙ ቆዩ። በመስኮት ሳይ እትዬ ያወራሉ፣ ልጄ ራሷን ትነቀንቃለች። የእሺ ይሁን የእምቢ ከሩቅ አይለይም። ኮላ ሳያስፈልገኝ ኮላ ፍለጋ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝም አሉ።

ሐሙስ

አለቀ። ሽብልቆቹን መታሁ። በዝናብ ጊዜ የተመታ ሽብልቅ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዝሆን ቢጎትተው አይነቀልም። ይህን በልምድ አውቃለሁ። ጊዜውን መርጬ አይደለም፤ ስራው ያለቀው በዝናብ ስለሆነ ነው።

ልጄ ገብታ ጋደም አለችበት። ጣራውን እያየች ቆየች። "በጣም ያምራል፣ አባዬ" አለች። ድምፅዋ የደስታ ነው አልኩ። ከዚያ ተነሳችና በሩን በስንዝር ለካች። የአልጋውን ግርጌ በስንዝር ለካች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ ወጣች።

ምን እንዳሰበች ማወቅ ፈለግኩ። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም።

ሰኞ

ስለ ጫኙ ማውራት አቆመች። ቀድሞ እሱ ሲያልፍ በመኪናው ጡሩምባ ሰላም ይል ነበር፤ ያም ቀረ። እሷም ከስራ በጊዜ ትገባለች፣ እራት ትሰራለች፣ አብረን እንበላለን። እንደ ድሮው ሆነ። ሰፊውን "ማዶ የሚሻገር የለም" አልኩት። "ደስ አለህ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት።

አርብ

ስለ ሙሽሮች አታወራም። "ዛሬ ማን መጣ?" አልኳት። "ሰዎች" አለች። ሰዎች ምን አስተካከሉ? ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ እንደ ሞኝ ይቆጠርብኛል። ሾርባው ጨው በዝቶበታል። ምንም አላልኩም። እኔ ጨው ሲበዛ የማልናገር ሰው አይደለሁም።

እሁድ

ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ሆነች? ተጣሉ? ሰደባት? ሰድቧት ከሆነ መኪናውን በሽብልቅ እመታዋለሁ። ወይስ ሌላ ሴት አገኘ? ከሱ የተሻለ ሞልቷል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን የራሴን ማጽናኛ ማመን አቃተኝ።

እትዬን ብጠይቃቸው ይነግሩኛል። አልጠይቃቸውም።

ማክሰኞ

ማዶ ሄድኩ። ኮላ ለመግዛት ነው። ይህን ለሰፊውም ነግሬዋለሁ።

በዚህ ዕድሜዬ ድልድዩን ስሻገር የመጀመሪያዬ ነው። ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ በሮቻቸውን ማየት ጀመርኩ። ሚስማር ነው፣ እውነት ነው። ግን አንዱ በር ላይ ሚስማሮቹን እንደ አበባ አድርገው ደርድረዋቸዋል። ቆሜ ሳይ የቤቱ ባለቤት ወጥቶ "ማንን ፈለጉ አባት?" አለኝ። "በሩን ነው የማየው" አልኩት። "ይዩት፣ አባቴ ነው የሰራው" አለና መንገድ ለቀቀልኝ። ሌባ ብሎ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር።

የጫኙን እናት ቤት ሰው አሳየኝ። መጥረጊያ ሰርተው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ጣታቸው ላይ የሳር ቁርጥራጭ አለ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወንበር አወጡ። ሻይ ሰጡኝ። ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ወገብ አወራን። እኔ ነገሩን እንዴት እንደምጀምረው ሳስብ እሳቸው ጀመሩት።

"ልጅዎ ጨዋ ናት፣ አላማርራትም" አሉ። "የኔም ልጅ እስከፈለገች ይጠብቃል። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ብትነግረው ጥሩ ነበር።"

"ምኑን?"

ተገርመው አዩኝ። "አልነገረችዎትም? አባቴን ብቻውን ትቼ አልመጣም አለችው። አክስቷም ሂጂ ብለው መክረዋት ነበር አሉ፤ አልሰማ አለች። አባቴ አልጋ ሰርቶልኛል፣ ከዚያ ቤት እንድወጣ አይፈልግም አለች።"

ሻዩን ጨረስኩ። አመሰግናለሁ አልኩ። መጥረጊያ ልግዛ ብል እምቢ ብለው በነጻ ሰጡኝ። መጥረጊያ ታቅፌ በአውቶቡስ መጣሁ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ኮላውን ረሳሁት።

ማክሰኞ ማታ

ይህንን ሳልረሳ ልጻፈው።

"ማዶ ሄጄ ነበር" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ለምን?"

"ኮላ ልገዛ።"

"ኮላ እዚህ የለም?"

"የነሱ ይሻላል" አልኩ። ይህ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ጥግ ላይ ያለውን መጥረጊያ አየችው። ማን እንደሰራው አወቀች መሰለኝ፤ ፊቷን አዞረች።

"አባቴን ብቻውን አልተውም ብለሻል" አልኳት።

"ብያለሁ።"

"ብቻውን የሚሆነው ማን ነው?"

"አንተ ነሃ፣ አባዬ።"

"እኔ ሕፃን ነኝ? ጉንፋን ሲይዘኝ አለቅሳለሁ? ሾርባ መስራት አልችልም?"

"አትችልም።"

"እማራለሁ። ስሚኝ። ሰውዬውን አልወደውም ካልሽ ንገሪውና ይሂድ። ከወደድሽው ግን እኔን ምክንያት አታድርጊኝ። እኔ የማንም ሰበብ ሆኜ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ማዶዎች በረንዳ ላይ 'በሱ የተነሳ ቀረች' ሲባልብኝ ልኑር?"

ሳህኑ ውስጥ እያየች "እወደዋለሁ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ሰምቻለሁ።

"ታዲያ?"

"አልጋውስ?"

"አልጋው ምን ሆነ?"

"ሽብልቁን ስትመታ ሳሎን ሆኜ እሰማ ነበር። አንድ በመታህ ቁጥር ቅሪ፣ ቅሪ የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ አልጋ ነው የሰራሁት" አልኳት። ሌላ ምንም አልሰራሁም። እዚህም ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ግን እሷ ስታለቅስ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ትከሻዋ ላይ ከቤታችን የማይጠፋው የእንጨት ብናኝ ነበረ። አራገፍኩላት። የእናቷንም ነገር ነገርኳት። ደግመህ ንገረኝ አለች፤ ደግሜ ነገርኳት።

ሐሙስ

ጫኙ መጣ። የሰርጉን ቀን ቆረጡ። መጋዙን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ አልጋውን ዞረ፣ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ስኪያውን በጣቱ ነካው።

"አባባ፣ እግሩን ብቻ ብቆርጠው፣ እዚያ ሄደን እንገጥመዋለን። ልብ አይሉትም።"

"መጋዝህን መኪናህ ላይ መልሰህ ዲጂኖ ይዘህ ና።"

"ዲጂኖ ለምን?"

"አልጋው አይቆረጥም። ግድግዳው ይቆረጣል።"

ልጄ "አባዬ" አለችኝ። ጫኙ እሷን አያት፣ እኔን አየ፣ ወጣ። ሲመለስ ዲጂኖውን ይዟል። የማይከራከር ሰው ነው። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አልወሰንኩም።

መስኮቱን አወጣሁት። ከመስኮቱ በታች ያለውን ጡብ እስከ ወለል ድረስ አወረድነው። እሱ ይመታል፣ እኔ ጡቡን እለቅማለሁ፣ ልጄ ደግሞ በእናቱ መጥረጊያ አቧራውን ትጠርጋለች። ሰፊው ስራውን ትቶ መጣ።

"ቤትህን በገዛ እጅህ ልታፈርስ ነው?" አለኝ።

"አየር አነሰው" አልኩት።

እሁድ

ሰርጉ አለፈ። አዲሱ ጫማ በላኝ። ፎቶ ተነሳን። ያነሳን የልጄ የስራ ባልደረባ ነው። ልክ ቁልፉን ሊጫን ሲል ልጄ እጇን ዘርግታ የኮሌታዬን ክር አነሳች፤ ጫኙ ደግሞ የእሷን ጸጉር። እኔ አይቼዋለሁ። ፎቶው ላይ አይታይም።

አልጋው ሳይቆረጥ ወጣ። ስድስት ሰው ሆነን ተሸከምነው። የከተማችን አልጋ ሙሉ ሆኖ መንገድ ላይ ሲሄድ ያየ ሰው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። እትዬ "አጥሩ ተነሳ" አሉ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩላቸው።

ረቡዕ

ግድግዳው እንደ ክፍቱ ነው። ዝናቡ ወለሉን ያርሰዋል። "መቼ ልትዘጋው ነው?" ይሉኛል። ጡብ እስኪደርቅ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን እዚያ አወጣለሁ፤ ከክፍሏ እስከ ድልድዩ ድረስ ይታያል። እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

ሾርባ ሰራሁ። ሾርባ ነው ማለት ይቻላል።

አርብ

ስልክ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ሾርባ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምጿ ተቆራረጠ። ስትስቅ ነው መሰለኝ።

"አባዬ፣ አልጋው አልገባም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የኛ በር ካንተም በር ይጠባል። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። እኛ መሬት ላይ ነው የምንተኛው። እሱ አባባን ሳላስፈቅድ መጋዝ አልነካም ብሏል። ብትፈቅድለትስ?"

"አልፈቅድም።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"ግድግዳችሁ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ።"

ድንጋይ ከጡብ ይለያል። ቀስ ተብሎ ነው፤ ሲነቀል ከላይ ያለው እንዳይናድ በእንጨት መደገፍ አለበት። ቶሎ አያልቅም። ይህን አስረዳኋት። "እንግዲያውስ ወፍራም ልብስህን ያዝ፣ እዚህ ማታ ይበርዳል" አለች። ለስራ እንጂ ለመክረም አልመጣም አልኳት። እሺ አባዬ አለች።

መሮውን፣ መዶሻውንና መላጊያውን በከረጢት አደረግኩ፤ መጋዙን ተውኩት። ወፍራሙን ካፖርትም አደረግኩ፤ ዕቃ እንዳይጋጭ መጠቅለያ ይሆናል። ለሰፊው ቤቱን እይልኝ አልኩት። "ግድግዳ የሌለው ቤት ምኑን ልየው?" አለኝ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምሄደው። የድንጋይ ግድግዳ ሰብሬ አላውቅም። እስቲ እንዴት እንደሆነ ልየው።